ከዘነበች ጋር ወደ ጌዶ ሰርግ

ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ አምቦ

በጥር ወር ከአኮርዲዮን ተጫዋች የባሰ የተረገመ ፍጡር የለም። ገበሬው አዝመራውን አስገብቶ አርፏል። በሬው እንኳን አርፏል። እኔ ግን የወይፈን ያህል የሚከብድ አኮርዲዮን አዝዬ፣ ጥርሴ በብርድ ከበሮ እየመታ፣ አምቦ መናኸሪያ ቆሜ ወደ ነቀምት የሚሄደውን አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ጌዶ ላይ ሰርግ አለብን።

አለብን ስል እኔና ዘነበችን ነው። ዘነበች በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ከሥራ ውጭ የምትዘፍን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ድምፅዋ አንድ ዓይነት የሚጣፍጥ ሴት ናት። ግጥሙንና ዜማውን እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እኔ አጅባታለሁ። በዚያ ዘመን በግሉ የሚዘፍን ሰው ብርቅ ነበር። ቀበሌው የኪነት ቡድን አለው፣ ፋብሪካው ኪነት አለው፣ ሦስት ፍየል የሌለው የገበሬ ማኅበር ሁሉ ኪነት አለው። ከአምቦ እስከ ባኮ ባለቤት የሌለን እኔና እሷ ብቻ ነበርን ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ትኬት ቆራጩ ገና ሲያየኝ ሳቀ። ሰኞ ዘነበችን ለመንግሥት ልታስረክባት ነው አሉ፣ ከእንግዲህ ለአህያ ነው የምትጫወተው ወይ አለኝ። የምን ሰኞ ብለው፣ ዕቃ ጫኙ ቀበል አድርጎ አስረዳኝ። የአውራጃው ኪነት ቡድን ዘነበችን ጠይቋታል፤ የደንብ ልብስ፣ ቋሚ ደሞዝ፣ በመኪና መሄድ፤ መልሷን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄዳ ትሰጣለች። ከዚያ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትም የምታውቀውን ጨመረችልኝ። አምቦ ሙሉ ያውቃል። ፍል ውሃው ውስጥ የሚታጠቡት ሁሉ ያውቃሉ። የማላውቀው እኔ፣ አብሬያት ስምንት ጥር የከረምኩት ብቻ ነኝ።

ዘነበች ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። "እንደምን አደርክ ጋሼ" አለች፣ ሌላ ምንም። እኔም ኮራሁና አልጠየቅኋትም። ግን እሷ ከሄደች እኔ ማነኝ? ድምፄን ሰምታችሁት ቢሆን ኖሮ ራስህ ዝፈን አትሉኝም ነበር። በአንድ ሰርግ ላይ አንድ ስንኝ ብቻዬን ሞክሬ፣ የሙሽራው እናት ሰው የታመመ መስሏት ውሃ ይዛ መጥታለች።

ማለዳ፤ ከአምቦ ወደ ጉደር

ረዳቱ አኮርዲዮኑን ጣራ ላይ ካልጫንኩ አለ። ከበጎቹ ጋር? በፍጹም። እንግዲያው ወንበር ስለሚይዝ እንደ ሰው ይክፈል ተባለ። ተከፈለለት። በመካከላችን ተቀመጠ፤ ዘነበች በመስኮቱ በኩል፣ አኮርዲዮኑ እንደ ባለሥልጣን መሐል ላይ፣ እኔ አንድ ቂጤን መተላለፊያው ላይ አንጠልጥዬ። ከፋዩ እኔ፣ የተመቸው እሱ።

መንገዱ ጠጠር ነው። መኪናው ከተሠራ ጀምሮ ሞተሩን እንጂ መስኮቱን የጠገነው የለም፤ ያ ሁሉ የምዕራብ ሸዋ አቧራ ቀጥታ አፋችን ውስጥ ይገባል። በግራ በቀኝ የታጨደ ማሳ፣ የገለባ ክምር፣ በፈረስ የሚሄዱ ሰርገኞች። አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ ፈረሰኞቹ ቀደሙን። ቁልቁል ስንወርድ ቀደምናቸው። እንዲህ ስንቀዳደም ሰላምታ ተለዋውጠን፣ መንገድ ሊለያየን ሲል የቤተሰቡን ጤንነት ሁሉ ጠይቀን ነበር።

ጉደር ኬላ ላይ ሁሉም ውረድ ተባለ። ፈታሹ አኮርዲዮኑን አገላብጦ አየና በሆዱ ውስጥ ቡና አለመጫኔን የማረጋገጫው መንገድ ሲጫወት መስማት ነው አለ። ተጫወትኩ። አንድ ጊዜ አላመነም፤ ጓደኞቹን ጠራና ድገም አለኝ። በሦስተኛው እስክስታ ወረዱ። ሾፌሩ ክላክሱን ባያስጮህ ኖሮ ዛሬም እዚያው ኬላ ላይ ነበርኩ።

ረፋድ፤ ጉደር

እዚህ ላይ የሥራችንን ጠባይ ላስረዳ። ሰርግ ላይ የምንዘፍነው ዘፈን ስም ይፈልጋል። አባትየው ማን ነው፣ አጎትየው በምን ይታወቃል፣ ለእንግዳ ደግ የሆነው የቱ ነው፤ ይህን አውቄ መንገድ ላይ እገጥመዋለሁ። ዳስ ውስጥ ስሙ የተጠራ ሰው ይነሳል፣ ይጨፍራል፣ ቤቱ ይሞቃል። ስሙ የቀረበት አጎት ግን እስከ ልጅ ልጁ ይቀየማል። ስለዚህ ሰርገኛው ሁልጊዜ አንድ ስም አዋቂ መንገድ ላይ ይልክልናል። የጌዶዎቹ ሰው ጉደር ድልድዩ ጋ ይጠብቃችኋል ተብለን ነበር።

ድልድዩ አለ። ወንዙ አለ። ሰውየው የለም። አንዲት ሴት ጭኮ ትሸጣለች፤ ገዝተን በላን፣ ጠበቅን፣ አሁንም የለም። ሾፌሩ እኔ ለሰርጋችሁ ልቁም ወይስ ነቀምት ልግባ ብሎ ጮኸ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተሳፈሩ። "አካም ቡልታን" ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ዘነበች በኦሮምኛ መለሰችላቸው። ወደ ጌዶ ነው የሚሄዱት። የኦቦ ደበላን ቤት ያውቁት ይሆን ብላቸው፣ ልጁ ቶሌራ ዛሬ የሚሞሸረውን? ግቢያችን አጥር ለአጥር ነው አሉ። ከሰማይ የወረዱልኝ መሰለኝ፤ በዘፈን የሚጠሩትን ሰዎች ስም ጠየቅኋቸው። የምትጠራው ብዙ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገርህ አሉና ስሞቹን ዘረዘሩልኝ፦ ፈረሰኛው አጎት፣ ዘጠኝ የወለደችው አክስት፣ ወፍጮ ያላቸው አያት። በመጨረሻም አንድ ስም ረግጠው ተናገሩ። "ኦቦ ጉተማ እንዳይረሱ። ሙሽራው ያደገው በሳቸው ግቢ ነው። እናቱ ስትታመም ወተት ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ሌላውን ብትረሳም እሳቸውን አትርሳ።"

እንዴት ያለ መልካም ሰው ነው ብዬ ለጉተማ ከአባትየው የበለጠ ስንኝ አወጣሁላቸው፦

በሩን የማይዘጋ፣ ማጀቱ ክፍት፣
ኦቦ ጉተማ ናቸው የጌዶ ኩራት።

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አቧራው ነው አሉ።

ከቀትር በኋላ፤ ጌዶ

ጌዶ ደጋ ነው፤ ፀሐይዋ ለይስሙላ ነው የምትወጣው። ሽማግሌው ከአውቶቡስ እንደወረዱ ተሰወሩብን። ዳሱ ከሩቅ ይታያል። ስም አዋቂው ሰው ደግሞ እዚያው ዳሱ በር ላይ ፋርሶውን፣ የጌዶን ጠላ፣ እየጨለጠ ተገኘ። ለምን አልመጣህም ስለው፣ እናንተ ትመጡ የለ ወይ፣ ሁለታችንም ምን ያንገላታናል አለኝ። ይህን ሰው የሚገልጽ ቃል አማርኛ ውስጥ አለ፤ ጋዜጣ ላይ ግን አይወጣም።

በፊተኛው ረድፍ ደግሞ ማን ተቀምጧል? ጓድ ታምሩ፣ የአውራጃው ኪነት ኃላፊ፣ ካኪ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ። ዘነበችን አየና ራሱን ነቀነቀ። እኔን ያየኝ እንደ ወንበር ነው።

ጀመርን። የአባትየው ስም ተጠራ፣ ኦቦ ደበላ ተነሱ። ፈረሰኛው አጎት ተነሳ። ባለ ዘጠኟ አክስት ዳሱን በእልልታ አናጋችው። ጣቶቼ በደስታ ስለሞቁ ብርዱን ረሳሁት። ከዚያ ዘነበች የኦቦ ጉተማን ስንኝ አወጣች።

ዳሱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ማኘኩን አቆመ። ኦቦ ደበላ ዋንጫቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ስም አዋቂው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አብደሃል እንዴ አለኝ። ጉተማና ደበላ በበሬ ምክንያት ተጣልተዋል፤ የጉተማ በሬ የደበላን ገብስ ስለበላ ሸንጎ ተካሰዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም፤ ለሰርጉም አልተጠሩም። ታዲያ ይህን ድልድዩ ጋ መጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ውጭ አንድ ነጭ ጋቢ አየሁ። ታጥቦ የነጣ ጋቢ፣ ያው ዱላ፣ ያው ፊት። ኦቦ ጉተማ ራሳቸው፣ የአውቶቡሱ ሽማግሌ። ስማቸውን በእኔ አፍ አስጠርተው፣ አሁን ካልተጠሩበት ሰርግ አጥር ሥር ቆመው ይጠብቃሉ።

አጃቢ ሲደነግጥ የሚሸሸው በጣቱ ነው። ወደ ሌላ ዘፈን ልገባ አኮርዲዮኑን ሳብ ሳደርግ ዘነበች ዞር ብላ አየችኝ። እንዳትነካው የምትል ዓይን ነበረች። ባለሁበት ቆየሁ። እሷ ያልገጠምኩትን፣ የማላውቀውን ስንኝ በኦሮምኛ ከራሷ አወጣች። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ አጥር የታጠረው ለከብት ነው፤ ገብስ የበላው በሬው ነው፤ ወተት ያጠጡት ሰውዬ ግን ምን በሉ? ደጋገመችው። በሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ተቀበሏት።

ሙሽራ ከወንበሩ አይነሳም። ጌዶም አምቦም ነውር ነው። ቶሌራ ተነሳ። ሚዜዎቹ ኮቱን ይዘው ሊያስቀምጡት ሲሉ አመለጣቸውና በሰው መሐል አልፎ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። ኦቦ ደበላ ዋንጫቸውን ለጎረቤታቸው አስይዘው ቀስ እያሉ ሄዱ። እኔ ዱላ ይሰነዘራል ብዬ አኮርዲዮኑን እንደ ጋሻ አቀፍኩት። አጥሩ ጋ ደርሰው ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

"ኮታ፣ ኦል ሴና" አሉ በመጨረሻ። ይምጡ፣ ይግቡ ማለታቸው ነው።

ኦቦ ጉተማ ገቡ። ተቀመጡ፣ ተቆረሰላቸው፣ ተቀዳላቸው። ከዚያ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ሄድኩ። የአባቴን ስም ለምን ዘለልከው አሉኝ።

አመሻሽ፤ ዳሱ ጓሮ

ጓድ ታምሩ ዘነበችን ወደ ጓሮ ወሰዳት። እኔም የአኮርዲዮኑን ማሰሪያ የማጠብቅ መስዬ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ድምፅዋን አደነቀ። ከእኛ ጋር ስትሆኚ እንዲህ ያለ ስህተት አይደርስብሽም አላት፤ ግጥሙ በኮሚቴ ይታያል፣ እያንዳንዷ ቃል ቀድማ ትታወቃለች፣ ከራስሽ የምታወጪው ነገር አይኖርም።

"ታዲያ ሽማግሌው በምን ይገቡ ነበር?" አለችው።

"የትኛው ሽማግሌ?"

በአገጯ ወደ ዳሱ አመለከተችው። ኦቦ ጉተማና ኦቦ ደበላ ከአንድ ዋንጫ እየተቀባበሉ ስለዚያ በሬ ይጨቃጨቃሉ፤ በደስታ።

"እሱ የኛ ሥራ አይደለም" አላት ጓድ ታምሩ።

"የኔ ግን ነው" አለች።

ሰኞ ጠዋት፤ አምቦ

እሑድ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስለ ኪነት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የነገረችኝ የእኔን ጉድለት ብቻ ነው፤ ማንም መንገደኛ ያለኝን አምናለሁ፣ ስደነግጥ ምት አፈጥናለሁ። እኔም አልጠየቅኋት። ፋርሶ በተጠጣበት ዳስ ጓሮ የተባለ ነገር ቢሮ ሲገባ እንደሚቀየር ብዙ አይቻለሁ። ጓድ ታምሩ በእንቢታ የሚመለስ ሰው አይመስልም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የሚያስሉ፣ ከኋላዬ የሚያቃስቱ። እኔ ምንም አላመመኝም፤ ለይምሰል ሆዴን ያዝኩ። መስኮቱ በሰው ተከልሎ ማን እንዳለበት አይታይም። ሰልፉ እየተንቀረፈፈ፣ ሆዴም በእውነት እየታመመ፣ ተራዬ ደረሰ።

ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"እዚሁ ነኝ ጋሼ" አለች። "አሁን ከሰልፉ ውጣ፣ የታመመ ሰው አለ።"