ጓንቱን የቆለፈው ሰውዬ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔም አልረሳሁም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ከሚሴ ውስጥ አምቡላንስ ላይ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የጣቢያችን ኃላፊ ከተማው የሚያከብረው፣ መስጊድ ውስጥ ከፊተኛው የሰጋጆች ሶፍ የማይጠፋ ትልቅ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን ማን ይከለክለኛል፣ እሱ ብዬ እጽፈዋለሁ።

እኛ አገር የወደቀ ሰው በእጅ ነው የሚነሳው። ጨፋ ሜዳ ላይ መኪና ከተገለበጠ ማሽላ የሚያጭደው ገበሬ ማጭዱን ጥሎ ይሮጣል፤ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ቁስል ያስርበታል። በዚህ መሃል ጓንት አጥልቆ የመጣ ሰው እንደተጸየፈ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ባልደረባችን የተከበሩ ሼህ በጓንት ቢያነሳ፣ ዘመዶቻቸው ቢሮ ድረስ መጥተው «አባታችን ነጃሳ ናቸው ወይ?» ብለው ተቆጡ። አለቃዬ ሰዎቹን ማስረዳት ሲገባው፣ ጓንቱን ሰብስቦ ቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ምጥ የያዛት ሴት ካለች ብቻ ያወጣልናል። ለምን ስንለው «ሕዝባችን ቅን ነው፤ ይቀየማል» ይለናል። ይኸው ሰው ጠብታ ደም ልብሱ ላይ ካረፈ ሳይቀይር አይሰግድም። የደምን ነጃሳነት ለሶላት ያውቃል፤ ለእኔ እጅ ሲሆን ይረሳዋል።

በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን ሰውና ፍየል የጫነ አይሱዙ ተገለበጠ። ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ጭኑ በመስታወት ተቀዶ ደሙ ይፈሳል። ቁስሉን በመዳፌ ተጫንኩት። ውስጡ የቀረ ስባሪ መዳፌን ቀደደው። ብለቀው ሰውየው ሊሞት ነው፤ አልለቀቅኩም። ሆስፒታል አድርሰነው እጄን ስታጠብ እህቱ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ወንድሜ ቫይረሱ አለበት፤ መድኃኒቱንም ካቋረጠ ሰንብቷል» አለችኝ። አላህ ይስጣት፣ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር።

መከላከያ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመርኩ። ማቅለሽለሹን ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠባ ልጅ ነበረኝ። «ገብቶብሽ ከሆነ በወተትሽ ሊተላለፍበት ይችላል፤ የመጨረሻው ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ አታጥቢው» አሉኝ ሐኪሞቹ። ልጄ ደረቴን እየቧጨረ ሲያለቅስ፣ እኔ ወተቴ ልብሴን እያራሰው ጀርባዬን ሰጠሁት። የባሌ አባት አዝለውት ደጅ ለደጅ ይዞሩ ነበር።

ለአለቃዬ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ያወቀው ነው።» ቁልፉ ግን ከኪሱ አልወጣም። ወላሂ፣ ግንባሬን ደፍቼ፣ ሱጁድ ላይ ሆኜ ረገምኩት።

ወራት አልፈው የመጨረሻው ምርመራ መጣ፤ ነጻ ነሽ ተባልኩ። አልሃምዱሊላህ እያልኩ ቤቴ ገባሁና ልጄን አቅፌ ጡቴን ሰጠሁት። አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ጡቱም ደርቆ ነበር፤ ቢስበውም የሚያገኘው የለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ አለቃዬ ሽማግሌ አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ። ሐጅ ሊሄድ ነው። እኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ አውፍ በሉኝ ይላል፤ ይቅር ሳይባል መንገድ መውጣት ይከብደዋል።

«ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ ሐቅሽን ተሸክሜ አልሂድ። አውፍ በይኝ» አለ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅሎ።

የባሌ አባት «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሳሉን ያስያዘኝ ማን ሆነና?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

አለቃዬ እጁን ዘረጋልኝ። የዘረጋው ግን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ ነው። ስንት ዓመት በባዶ እጁ ሲጨብጠኝ የኖረ ሰው። በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ በየቀበሌው እየዞረ የሚያስተምረውም እሱ ራሱ ነው። ደሜን ፈርቶታል። ሽማግሌዎቹም ገባቸው፤ እርስ በርስ ተያዩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

«በጨርቅ ነው እንዴ የሚጨብጡኝ?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «ሕዝባችን ቅን ነው፤ ይቀየማል እኮ።»

እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩት። ጋቢውን ቀስ ብሎ ፈታ። መዳፉ በላብ ርሷል። ጠባሳዬን መዳፉ ላይ አድርጌ አጥብቄ ያዝኩት፤ ሊያስለቅቀኝ ሲሞክር ባሰብኝ።

«ውጤትሽ... ወጣ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሰላም ይመለሱ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

«አውፍታውስ?»

«እሱንም ያኔ።»

የባሌ አባት ውጤቴን ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ልጁን ታቅፈው ጡጦውን አጎረሱት።

በማግስቱ የጓንቱ ካርቶን አምቡላንሱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። የቁም ሣጥኑን ቁልፍም ለሹፌራችን ትቶለት ነው የሄደው። አሁን ለሼሁም ለእረኛውም ጓንት አጠልቃለሁ። «ለእርስዎም ለእኔም ነው» እላቸዋለሁ፤ አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። የሚቀየም ካለም ተቀይሞ ይዳን።

አለቃዬ ነጭ ጥምጥሙን አድርጎ፣ ሐጂ ተብሎ ተመልሷል። ተምርና የዘምዘም ውሃ ልኮልኛል፤ ተምሩን ልጄ በላው። ቢሮ ውስጥ ሲያገኘኝ ዐይኑ እጄ ላይ ይቀራል።

«ልጄ፣ ያ ነገርሽ እንዴት ሆነ?» ይለኛል።

«አብሽሩ ሐጂ፣ አላህ ያወቀው ነው» እለዋለሁ።

ሹፌራችን ንገሪውና ይገላገል ይለኛል። እነግረዋለሁ። ወተቴ የተመለሰ ቀን እነግረዋለሁ።