ቀዩ ጓጉንቸር

ሥራ የጀመርኩ ቀን መዶሻ ወይም ካቻቢቴ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ቀይ ጓጉንቸር ሰጡኝ። ወንዝ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የቆመው የኃይል ማመንጫ ከሰፈሬ ከኮልፌ ወፍጮ ቤት ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ተርባይን፣ አንድ ትልቅ የብረት ቧንቧ፣ በቃ። ለዚህ ነው እንዴ በጀልባ የመጣሁት፣ አልኩ በሆዴ።

የፈረቃው ኦፕሬተር ጋሽ ተሾመ ሥርዓቱን አስረዱኝ። ለጥገና ቧንቧው ውስጥ የሚገባ ሰው የውኃውን በር ዘግቶ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፤ መክፈቻውን ኪሱ ከትቶ ይገባል። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ጋሽ ተሾመ ቃል ቆጣቢ ናቸው፤ ይህን ግን ሁለቴ ደገሙልኝ።

አንድ የአረፋ ዋዜማ ተርባይኑ በአረምና በላስቲክ ታነቀ። ቶሎ ጠርጌ በከሰዓቱ ጀልባ ወደ ኮልፌ ልብረር ብዬ ለማንም ሳልናገር ቆልፌ ገባሁ። እዚያ ውስጥ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም።

ላይ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ምግብ አብሳያችን እንደኔው ጥቁር ሻሽ አድርጋ ስትሻገር ዘበኛው ከሩቅ ያያትና "ሩቂያ ሄደች" ይላል። ማዶ ያለው ከተማ በበዓል ዋዜማ ጨልሞበት ስልካችንን ያስጮኸዋል። አለቃችን ደግ ሰው ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። መክፈቻውን ይዛብን ኮልፌ ገባች ብሎ ጦፈ፤ የብረት መቁረጫ አምጥቶ ጓጉንቸሩ ላይ አሳረፈ። በሩ ቢከፈት ውኃው እኔን ጠርጎ ተርባይኑ ላይ ነው የሚከተኝ።

ጋሽ ተሾመ ክንዱን ይዘው አንዴ ልደውል አሉት። እኔ ስላልተገኘሁ እናቴ ጋ ደወሉ። ቁጥሯን ያውቁታል፤ ልጄ በላች ወይ እያለች ስትጨቀጭቃቸው ነው የኖረችው።

"ልጄ ከኮልፌ አስኮ ታክሲ ስትሳፈር እንኳ ትደውልልኛለች" አለቻቸው። "ዛሬ አልደወለችም።"

ጋሽ ተሾመ ስልኩን ዘጉና መዶሻ አንስተው ቧንቧውን ደበደቡት።

እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ምን ያጣድፋቸዋል እነዚህ ሰዎች፣ እየጨረስኩ አይደለም እንዴ ብዬ በንዴት መልሼ ደበደብኩት።

ስወጣ አለቃችን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁኔታው ሳቅ አመጣብኝ። ጓጉንቸሬን ልፈታ ስጠጋ ግን የመቁረጫው ጥርስ ብረቱ ላይ ታትሞ አየሁት። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

"ለእናትሽ ደውይላት" አሉኝ ጋሽ ተሾመ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ኮልፌ ነኝ። ለአዲሶቹ የምለው ይህን ነው፦ የቆለፈውን ሰው ውጭ ቆሞ በዓይናችሁ ሳታዩት ጓጉንቸሩን አትንኩ። ሄዷል ማለት አየሁት ማለት አይደለም።