ልጄ የምታዝዘው ጦር

ልጄ ሰው ልታስገድል መሆኑን የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ብላለች። ከክፍሏ መስኮት ሥር አንሶላ ስዘረጋ ድምጿን ሰማሁ። ጮክ አላለችም። ጮክ ብትል ይሻለኝ ነበር።

«ባምባሲ መገንጠያ ላይ ሦስት አሉ። አንተ በመጋዘኑ ጀርባ ዙር። አንቺ ጣሪያው ላይ ቆዪ። እኔ ሳልል ማንም እንዳይተኩስ። ይቅረቡ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምንጨርሳቸው።»

አንሶላው ከእጄ አምልጦ ጭቃ ላይ ወደቀ።

ያን ሰሞን አሶሳ የሚወራው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ባምባሲ መንገድ ላይ መኪና አስቆሙ፣ እገሌ ጫካ ገባ፣ እገሌ ተያዘ። ክልሉ ራሱ በዕድሜ ከልጄ ብዙም አይበልጥም፤ እንደ ጎረምሳ ዛሬ ስቆ ነገ ይነሳበታል። እኔ ደግሞ በደርግ ሰፈራ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ከወሎ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ተኩስ ከተባለ የማውቀው ልጅ ይዞ መሮጥን ነው። አሁን ይዣት የምሮጠው ልጅ ራሷ አዛዥ ሆና ቁጭ አለች። ኮሌጅ የምትማር ልጅ! አይጥ ካየች አልጋ ላይ የምትወጣ ልጅ!

ዞር ስል አከራያችን በረንዳዋ ላይ ቆማለች። ይቺ ሴት የሽንት ቤቱ በር ተነቅሏል ስላት አትሰማም፣ ጣሪያው ያፈሳል ስላት አትሰማም። ያን ቀን ሰማች። «ውይ! ውይ!» ብላ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ወዴት እንደሄደች ለመገመት መማር አያስፈልግም።

ሮጬ የልጄ ክፍል ገባሁ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ «አሁን!» ስትል ነጠቅኳት።

«እማ! ምን ነካሽ! ልናሸንፍ ነበር እኮ!»

«ማንን?»

«ጨዋታ ነው እማዬ! የስልክ ጨዋታ!»

«ጨዋታ ሰው ይጨርሳል?»

«እሱ እኮ ነው ጨዋታው!»

ይኼ መልስ ነው? እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው፣ የማውቀው የልጅ ጨዋታ ገመድ ዝላይ ነው። ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት የውጭው በር ተደበደበ። የዚያን ጊዜ ፍርሃቴ ያዘዘኝን አደረግኩ፤ ስልኩን የማሽላ ዱቄቱ ከረጢት ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ቀበርኩት።

የመጣው የቀበሌያችን ሚሊሻ አዛዥ ነው፣ አከራያችንን አስከትሎ። ይህ ሰው ስብሰባ ላይ ንግግር ከሁሉ ቀድሞ ጀምሮ ከሁሉ በኋላ የሚጨርስ ነው። ውሃ ቦኖው ላይ ሰልፍ ላስይዝ ብሎ ከመጣ አንዱ ሰልፍ ሦስት ሆኖ ያድራል።

«ስልኳ የታለ?» አለ።

«ስልክ የላትም» አልኩ፣ እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሼ።

«እና ከማን ጋር ነው የምታወራው? ከግድግዳው ጋር?»

«እማ፣ ስጪው» አለችኝ ልጄ። እጇን ቆነጠጥኩት።

ይዘውን ሄዱ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሊቀመንበሩ ተቀምጧል። ነገሩን ከሰማ በኋላ ለፖሊስ ትተላለፍ አለ፣ እንደ ዕቃ። አባቷ ጉባ ግድቡ ላይ ብየዳ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው። ምን ልለው ነው? ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እማዬ፣ ካላዩት ማን ያምነኛል? እባክሽ» አለች። ፊቷን አየሁት። ስትዋሽ ዓይኗን መሬት ላይ ነው የምትተክለው፤ እኔን ነበር የምታየው። ሮጬ ሄጄ አመጣሁት።

አዛዡ ስልኩን ተቀብሎ እፍ ሲልበት ዱቄቱ ጢሙ ላይ አረፈ። ማንም አልነገረውም።

«ባምባሲ መገንጠያ ምን ልታደርጉ ነበር?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጨዋታው ውስጥ ያሉት ቦታዎች የፈረንጅ ስም ነው ያላቸው፣ ጋሼ» አለች። «ለአፍ አይመችም። ስለዚህ መስቀለኛውን መንገድ ባምባሲ መገንጠያ አልነው፣ ረጅሙን ቤት መጋዘን አልነው። አራት ሆነን ነው የምንጫወተው፣ መሪያቸው እኔ ነኝ። ስሙን ስጠራ ሁሉም ያለ ጥያቄ ማወቅ አለበት። 'እዚያ ጋ' የሚል መሪ ሰው ያስጨርሳል።»

ጨዋታውን ከፍታ አሳየቻቸው። የጓደኞቿን ድምፅ ሁሉም እንዲሰሙ አደረገችው። እውነትም ትንንሽ ሰዎች ሜዳ ላይ ይሮጣሉ። አሁንስ ይለቋታል ብዬ ነበር፣ አዛዡ «ይኼማ የኛ ሙያ ነው። አምጪው፣ እኔ ልምራቸው» እስኪል ድረስ።

ማን እምቢ ይለዋል? ሰጠችው።

«ሁላችሁም ወደዚያ ጋ ሩጡ!» አለ።

«ወዴት ጋ?» አለ ከወዲያ ሸርቆሌ ወረዳ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ።

«ወደዚያ! እዚያ ጋ!»

«ኧረ አይሆንም፣ መጀመሪያ ወደዚህ ይሰብሰቡና እንወያይ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ወንበሩን እየጎተተ።

አዛዡ መሀል ሜዳ ገትሮ ያቆመው የጨዋታው ሰውዬ ወዲያው ተመታና ወደቀ። እሱ ግን ማዘዙን አላቆመም። «ግቡ! አትፍሩ! በግራ! አይ፣ በቀኝ!»

«ኸላስ! በቃ!» አለ የሸርቆሌው ልጅ። «ማነህ አንተ? ሞተሃል እኮ! የሞተ ዝም ይላል!»

ሊቀመንበሩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያል። አከራያችን ጣቷን ትቆጥራለች። በዚያ ቀበሌ ያን ሰውዬ ዝም በል ያለው ሰው አልነበረም፤ ለዚያውም ሞተሃል ብሎ። አዛዡ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። በቃ፣ አሁን አሰረብኝ አልኩ በሆዴ። ጨዋታ መሆኑን አይቶ ነፃ ሊለቃት የነበረውን ልጄን ስለተናቀ ሊያስራት ነው።

ልጄ ግን ዝቅ ብላ፣ ልክ እንደ አባቷ እያየችው «ጋሼ፣ አይቀየሙ፣ ሕጋችን ነው» አለች። «ድምፅ ከበዛ ማንም አይሰማም። የሞተ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ከየት እንደተመታ። ያየው እሱ ብቻ ስለሆነ ትልቅ ነገር ነው። ከየት ነው የመቱዎት?»

ሰውዬው ስልኩን ጠጋ ብሎ አየ። «ከ... ከነጩ ቤት መስኮት።»

«አንድ ነው?»

«አንድ።»

«በጣም ጎበዝ። አሁን ዝም።» ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «ነጩ ቤት፣ መስኮቱ፣ አንድ ሰው» አለች። «የኔ ሞቷል። መሪነቱን ተረከቢ።»

ጣሪያ ላይ ያለችው ልጅ ተረከበች። ያለ ስብሰባ፣ ያለ ንግግር። «በምርጫ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። «ቀድመን ተነጋግረናል» አለችው። ከዚያ እሷም አፏን ዘጋች፤ አዛዡም ዘጋ። ዝም ማለት እንደሚችል ያን ቀን ነው ያየሁት። መስኮቱ ተመታ፣ የቀሩት ተከበቡ፣ አሸነፉ።

አዛዡ ከወንበሩ ተነሳ። «አያችሁ? እኔ ባላሳያቸው ኖሮ!» ጢሙ እንደነጣ በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደ። «የተቀናጀ አመራር ማለት ይኼ ነው!»

«ልክ ነው፣ ጋሼ» አለች ልጄ።

ሊቀመንበሩ ከእንግዲህ የከተማና የመንገድ ስም እንዳይጠሩ አስጠንቅቆ ሂዱ አለን። እኔም እጅ ነስቼ አመሰገንኩ። ለምን እንዳመሰገንኩ አትጠይቁኝ። ያን ሰዓት ኔትወርክ ባይኖር፣ ወይ ሰውዬው ሳያሸንፍ ቢቀር ልጄ የት ታድር ነበር? እዚህ ላይ ስደርስ እስከ ዛሬ ሳቄ ይቆማል።

አከራያችን ከኋላችን እየተከተለች «እኔ እኮ ለደህንነታችሁ ብዬ ነው» ትላለች። የልጄን እጅ እንደያዝኩ፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ ግቢያችን ደረስን። አስገባኋት፣ ተከትያት ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ጭንቅላቷን አቅፌ «ቤታችን ገብተናል። ማንም አልወሰደሽም። ደህና ነን» አልኳት።

ደህና ነበርን።