ጓንት አድርጎ ሻይ የሚጠጣው ሰይድ

«እኛ ፈረቃ ሰው ተጎድቶ አያውቅም፤ አልሐምዱሊላህ።»

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ የነዳጅ ዴፖ ውስጥ ከፈረቃው ፎርማን የሰማሁት ነው። የደህንነት ኃላፊ ነኝና ደስ አለኝ። የአደጋ መዝገቡም ወሩን ሙሉ ባዶ ነው።

ቦቴ የሚሞላው ሰይድ ግን ሻዩን የሚጠጣው የሥራ ጓንቱን እንዳደረገ ነበር። ይህን ያህል ለደንብ የሚገዛ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ጠረጠርኩ።

«ሰይድ፣ እስቲ አውልቀው።»

«አብሽር፣ በርዶኝ ነው።»

በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ በርዶታል።

በስንት ልመና አወለቀው። ቱቦ ሲገጥም ጣቱ ተጨፍልቋል፤ አብጦ ጠቁሯል። ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሐኪም አላየውም።

«ለምን አላስመዘገብክም?»

ፎርማኑ ቀደመው፦ «ይሄ እኮ አደጋ አይደለም ኢንጅነር፣ የአላህ ቀደር ነው። ደሞ ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ሙክቱ ይለፈን?»

ሙክቱ ወሩን ያለ አደጋ ለጨረሰ ፈረቃ የሚሰጥ ሽልማት ነው።

ሰይድን ይዤው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቱ ይትረፍ አይትረፍ ገና እርግጠኛ አይደለም።

እናንተስ መሥሪያ ቤት ከመጠን በላይ ንጹሕ የሆነ መዝገብ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።

የሙክቱን ሐሳብ ለአስተዳደሩ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።