የዲንሳ ሰንሰለት

የካ ውስጥ ጭነት ማሰር የሚያውቅ ሰው ማን ነው ቢባል፣ ሁሉም የሚጠራው ዲንሳን ነበር። እሱ ያሰረው የባሕር ዛፍ ጭነት ከእንጦጦ ቁልቁል በአህያ ጀርባ ሲወርድ ተፈትቶ አያውቅም። ጉልበቱን ጭነቱ ላይ አሳርፎ ገመዱን ሲስበው አህያዋ ራሷ ዞር ብላ ታየው ነበር። በዚህም ይኮራ ነበር፤ ቢኮራም አይፈረድበትም።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ የደኑ ባለቤት አቶ ወልደ ሐዋርያት የሞተር መጋዝ ገዙ። ምሳር ይዘው የተሰበሰቡትን ቆራጮች አየት አደረጉና፣ "ይህ የሚሰጠው እጁ ለሚታመን ሰው ነው" ብለው ለዲንሳ ሰጡት። ለእኔ ይሰጠኛል ብሎ የጠበቀው ሌላው ቆራጭ ገረሱ ፊቱን አጠቆረ። ዲንሳ ግን መጋዙን ቤቱ እያሳደረ፣ ሚስቱ ጂቱ "እኔን እንዲህ አይተኸኝ ታውቃለህ?" እስክትለው ድረስ ይወለውለው ጀመር።

አሠራሩን የሻጩ ሠራተኛ አሳይቶታል። መጀመሪያ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ መንቀል፤ እጅን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል፤ ከላይ ያሉት ጥርሶች ወደ ፊት እንዲያዩ አድርጎ ሰንሰለቱን በረዥሙ ብረት ዙሪያ ማጥለቅ። ከዚያ የብረቱን ጫፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ማጥበቅ ነው፤ ሰንሰለቱ ከሥር እንዳይንጠለጠል፣ በእጅ ሲሳብ ግን እንዲሄድ። ዲንሳ ሁሉንም ወዲያው ያዘ። "በእጅ ሲሳብ እንዲሄድ" የሚለው ብቻ አልዋጥለት አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ጠብቋል ይባላል እንዴ?

አንድ ቀን ሲቆርጥ ውሎ ሰንሰለቱ ሞቀና ረገብ አለ። የዲንሳ ዓይን ደግሞ የረገበ ነገር አይወድም። እንደ ጭነት ገመድ ጥርቅም አድርጎ አጠበቀውና ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሞተሩ ጮኸ እንጂ ሰንሰለቱ ንቅንቅ አላለም። ዲንሳም እልህ ያዘው፤ ነዳጅ ሲጨምርበት ጊዜ ከውስጡ ጭስ ወጣ።

ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ሳቀበት። "ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። በትኩሱ አጥብቀኸው አደረና አነቀው። ወንድሜ፣ እስኪበርድ ጠብቅ" አለው።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ግን አልሳቁም። መጋዙ ተጠግኖ ሲመጣ እቤታቸው ቆለፉበት። "ከእንግዲህ ጠዋት ትወስዳለህ፣ ማታ ትመልሳለህ። ሁለተኛ ካበላሸኸው ገረሱ ይይዘዋል" አሉት። ዲንሳ ባዶ እጁን ሲገባ ጂቱ መጋዙ ያድርበት የነበረውን ጥግ ጠረገችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ክረምት ሳይገባ፣ የቅዳሴው ኅብስት በሚዘጋጅበት በደብሩ ቤተልሔም ላይ ያዘነበለ ትልቅ ባሕር ዛፍ እንዲቆረጥ ተጠየቀ። ዲንሳ ዛፉን ወደ ሜዳው የሚስበውን ገመድ ራሱ አሰረ፤ እዚያ ላይ እንዳሻው አጠበቀ። ከዚያ በዙሪያው ያሉትን ትንንሾቹን ዛፎች በመጋዙ ጣለ። ወደ ትልቁ ሲዞር ሰንሰለቱ ሞቆ ተንጠልጥሏል። ካህናቱም የሰፈሩም ሰው ቆመው ያያሉ።

"ላልቷል እኮ፤ አጥብቀውና ጨርስ እንጂ" አለ ገረሱ።

ዲንሳ ሞተሩን አጠፋና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

"ምንድን ነው የምንጠብቀው?" አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት።

"ሰንሰለቱን ነው ጌታዬ። አሁን ካጠበቅሁት ይታነቃል።"

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ እጁን ይበላው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሲያጠብቅ የኖረ ሰው፣ የላላ ነገር ፊቱ አስቀምጦ በሰው ፊት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ያህል እንደከበደው እሱ ያውቃል። ቢሆንም ተቀመጠ።

ብረቱ ሲበርድ ተነሣ። የካንዴላውን ገመድ ነቀለ፣ እጁን ጠቀለለ፣ ጫፉን ከፍ አድርጎ ጥቂት ብቻ አጠበቀ። በጣቱ ሲስበው ሰንሰለቱ ሄደለት። ዲንሳ ደስ አለው።

ዛፉ ገመዱ በሳበው በኩል ሜዳው ላይ ተዘረረ። በቤተልሔሙ ጣሪያ ላይ አንዲት ቅጠል እንኳ አላረፈችም። አንዱ ቄስ "እጅህ ይባረክ" አሉት።

ማታ መጋዙን ሊመልስ አቶ ወልደ ሐዋርያት ደጃፍ ቆመ። አልተቀበሉትም።

"ምን ላድርገው ብለህ አመጣህብኝ? ይዘኸው ግባ" አሉት።

ከዚያ ወደ ዲንሳ ቤት በባሕር ዛፉ መሀል የሚያደርስ አቋራጭ ነበረ። ዲንሳ መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሰው በሚበዛበት በገበያው በኩል ዞሮ ሄደ።