የአፖስቶሎስ ልጅ፣ የኮስማስ ልጅ

የግሪኳ የፕሬቬዛ ከተማ ልጆች “የሰርዲኑ ክፍለ ጊዜ” የሚሉት ትምህርት አለ። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የታሪክ መምህሩ ላምብሮስ ዚካስ ራሱ ያዘጋጀው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምረው፣ ነገሩን ገና ዛሬ እንደደረሰበት ሁሉ እጁን እያፋተገ ነው። በዚያ ዓመት ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማርጋሪታ ተቀምጣ ነበር፤ የዓሣ ሻጩ የልጅ ልጅ። መምህሩ ትምህርቱን ይለፈው ወይ እያለ ሁለት ሳምንት አወጣ አወረደ። ሁልጊዜ ከመጨረሻው ቆርጦ የሚያስቀራት አንዲት ቁራጭ አለች፤ እሷ ደግሞ የምትነካው የዚህችን ልጅ አያት ነው።

ሳይዘለው ቀረ። እንደ ልማዱ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ “ግለሰቡ የግራ ክንፈኞቹን ጋዜጣ በየዕለቱ በብዛት ይወስዳል፤ ለዜጎችም እጅ በእጅ ያድላል።”

ይህ የተጻፈው በመንግሥትና በኮሚኒስቶች መካከል የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ እንደሆነ አስረዳቸው። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት፣ የመንግሥት ሥራ ለመያዝ የፖለቲካ አመለካከት ማረጋገጫ የሚባል ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን የሚሰጡት ደግሞ አንተን ብቻ አይመረምሩም፤ አባትህን፣ አጎትህን፣ የአክስትህን ባል ሳይቀር ይመረምራሉ። “እናንተ አሁን ፈራጆች ናችሁ” አላቸው። “ለዚህ ሰው ወረቀቱን ትሰጡታላችሁ?”

ከሃያ አራቱ ሃያ አንዱ ከለከሉ። ስቴርጊዮስ የሚባለው ወፍራም ልጅ እንዲያውም ሰውየው ከበላዩ አለቃ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ምርመራውን ሊያሰፋ ፈለገ።

መምህሩ ይህን ጊዜ ይወደዋል። ቾኩን አንስቶ አንድ በአንድ ፈታላቸው። ማን ምን ጋዜጣ እንደሚገዛ የኪዮስኩ ሰው ለጣቢያው ይነግር ነበር። ስለዚህ ያንን ጋዜጣ የሚደፍረው የለም። ስለዚህ ሳይሸጥ ይከመራል። የከተማው ዓሣ ሻጭ ደግሞ መጠቅለያ ይፈልጋል። “ዜጎች እጅ በእጅ የተቀበሉት” አለ ጣቱን ወደ ሰሌዳው ቀስሮ፣ “ግማሽ ግማሽ ኪሎ ሰርዲን ነው።”

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እስኪበርድ ጠበቀና ጠየቃቸው፤ “ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ፈልጉ።”

ፈለጉ፤ አጡ። ጋዜጣ ይወስዳል፣ እውነት። በብዛት፣ እውነት። ያድላል፣ እውነት። የፈራ ሰው መዋሸት እንኳ እንደማያስፈልገው፣ ያየውን ሲጽፍ ፍርሃቱ አብሮ እንደሚጻፍ ነገራቸው።

ቀጥሎ የስም ነገር መጣ። የበኩር ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል፤ አፖስቶሎስና ኮስማስ የተባሉ ወንድማማቾችም ሁለቱም የበኩር ልጆቻቸውን ላምብሮስ ዚካስ አሏቸው። አንዱ ዓሣ ሻጭ፣ ሌላው ተማሪ ነበር፤ በስማቸው መመሳሰል ስለ ዓሣ ሻጩ የተጻፈው ገጽ የተማሪው ማህደር ውስጥ ገባ። “ያ ተማሪ እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ፈተና አልፌያለሁ፤ ወረቀት ግን ተከለከልኩ።”

ሌላ ጊዜ “በኋላ ስህተቱ ታረመ” ይልና ደወሉ ያድነዋል። ዛሬ ማርጋሪታ እጇን አወጣች።

“መምህር፣ ማን አረመው?”

ማህደሮቹን መንግሥት ከአራት ዓመት በፊት እቶን ውስጥ አቃጥሏቸዋል። ዝም ቢል የሚያጋልጠው ወረቀት የትም አልነበረም። ቾኩን አስቀመጠ።

“እኔ” አለ። የጣቢያው ጸሐፊ ጠርቶት ገጹን እንዳነበበለት፣ እሱም “እኔ የአፖስቶሎስ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ የሚሸጠው የኮስማስ ልጅ ነው” ብሎ እንደመለሰ ነገራቸው። ገጹ ከአንዱ ማህደር ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ባለሦስት ጎማ የጭነት መኪና ሊይዝ የተዘጋጀው የአጎቱ ልጅ መንጃ ፈቃድ ተከለከለ፤ የዚያ ወረቀት ግዴታ እስኪሻር ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ጋሪ ገፋ።

“እንደገና ፈልጉ። እኔስ ዋሸሁ?”

ልጆቹ ሰሌዳውን እንደገና አነበቡ፤ ራሱ መለሰላቸው።

“አልዋሸሁም። ግን ‘ጋዜጣው ለሰርዲን ነው’ ብዬ መጨመር እችል ነበር። አውቅ ነበር። ‘አንተ እንዴት አወቅህ?’ ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ።”

ማርጋሪታ አያቷ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አላውቅም አላት፤ ከእሷ በፊት ራሱ እንዲነግረው እስከ ማታ እንድትታገሠው ለመናት። ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹ ቶሎ አልተነሱም።

መምህሩ ዓሣ ገበያው ሊዘጋ ሲል ደረሰ። የኮስማስ ልጅ ላምብሮስ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠዋል፤ ቅርፊት እየፋቀ ነበር። መምህሩ ለክፍሉ የተናገረውን ሁሉ ቆሞ፣ በቅደም ተከተሉ፣ አንድም ሳያስቀር ደገመለት። ቢላዋው አልቆመም።

“አውቃለሁ” አለ ሽማግሌው። ጸሐፊው በዚያው ሳምንት እሱንም ጠርቶት ነበር፤ የአጎትህ ልጅ አሳልፎ ሰጥቶሃል፣ አንተም አንድ ሰው ስጥና መንጃ ፈቃድህን ውሰድ ብሎታል። እሱም ከሰርዲኖቹ በቀር የምሰጠው የለኝም ብሎ ወጣ።

“ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም?”

“ዝም አላልኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ የከረመ ዓሣ ስሸጥልህ አልነበር? ሚስትህ እንዴት እንደቻለችህ ነው የሚገርመኝ።”

“ሸትቶኝ ያውቃል።”

“ለምን አትናገርም ታዲያ?”

“በምን አፌ?”

“ይሄ ዝምታህ ነው ያቆሰለኝ” አለ ሽማግሌው፤ አሁን ቢላዋውን አስቀመጠ። “ጋሪውን ገፋሁት፣ አለፈ፤ ክረምት ሲገባ ትከሻዬ ያስታውሰኛል፣ በቃ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን ዘመድ ይጨቃጨቃል፣ የአጎቴ ልጅ። አንተ እንደ ባዳ አመስግነህ ትሄዳለህ።”

መምህሩ ሐሙስ ክፍል እንዲመጣለት ጠየቀው፤ ልጆቹ ሌላውን ላምብሮስ ማየት አለባቸው አለው።

“እመጣለሁ። ግን ሰርዲኑን እኔ ነኝ የማስረዳው፤ አንተ ታንዛዛዋለህ።”

ይህን እያለ ግማሽ ኪሎ አፍሶ በጋዜጣ ጠቀለለና ዘረጋለት። መምህሩ ተቀብሎ ሊሄድ ዞረ። ቆመ። ጥቅሉን ፈታ፣ አንዱን ሰርዲን አንስቶ ዓይኑን አየ፣ ጉንጩን ገልጦ ውስጡን አየ፣ አሸተተው።

“ይሄ የትናንት ነው” አለ።

“ከትናንት ወዲያ ነው” አለ የኮስማስ ልጅ፤ ተቀብሎም ወደ ክምሩ መለሰውና ከበረዶው ስር ሌላ ማውጣት ጀመረ።