ለዓሣዬ የተጨመረለት ሙቅ ውሃ

ዛሬ ከሥራ ስገባ ዓሣዬ ከውሃው በላይ አፉን አውጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የመስታወት ገንዳውን ብነካው ለብ ብሏል።

ጠረጴዛዬ ላይ የማኖረው ትንሽ ቀይ ዓሣ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚስማማው ዓይነት ስለሆነ ማሞቂያ የለውም። ሱሉልታ ውስጥ ብርዱ የተመቸው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አከራዬ አዴ ጫልቱ ፔርሙዝ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ቧንቧው ውሃ ሲያመጣ ጀሪካኔን እንዲሞሉልኝ ቁልፍ እተውላቸዋለሁ።

«በብርድ ደርቆ፣ ጥግ ይዞ አገኘሁት። ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨመርኩለት።»

«አዴ፣ እሱ እኮ ብርድ ይወዳል።»

«ብርድ የሚወድ ማን አለ? አንተ ትወዳለህ?»

ለመቆጣት አቅም አልነበረኝም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ለብ ያለውን እየቀዳሁ ከጀሪካኑ ቀዝቃዛውን በኩባያ መተካት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከቀዘቀዘ ድንጋጤው ራሱ ይገድለዋል። እሱ ከሞተ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚተነፍሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ወደ ታች ወረደና ጥጉን ያዘ።

«ሞተ?» አሉ አዴ በሹክሹክታ።

«አይ፣ ተመቸው።»

እፎይ ብለው እጄን ያዙ፤ ወዲያው ደነገጡ። «ያ ዋቅ! የበረደህስ አንተ ነህ!»

ፔርሙዙን ይዘው ሄዱ፤ ሻይ ሞልተው ተመለሱ። አሁን እሱን እየጠጣሁ ነው የምጽፈው።

እናንተስ፣ በሰው ደግነት ሊሞትባችሁ የነበረ ነገር አለ? እንዴት ተረፈ?